የስምንት ቀን ጥርስ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

እንደ ወትሮው የኦርኬስትራ ልምምድ። እንደ ወትሮው ወንበሬ ተንቋቋች፣ እንደ ወትሮው ከጎኔ ክላርኔት የሚነፋው ጢሞ አርፍዶ መጣና ሁሉም ሳቀለት። እኔ ባረፍድ ማን ይስቅልኛል?

ከዚያ ሲጥ አለች ክላርኔቴ። ሁሉም ዝም ብሎ እኔ ብቻ በምነፋበት ቦታ፣ ከመካከለኛው ድምፅ ወደ ላይኛው ስሻገር። መሪው ገጹን ገለጠ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀዳሚው ክላርኔታችን ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወንበራቸው ባዶ ነው። ዛሬ ማስታወቂያው ተለጠፈ። ፈተናው የካቲት 20፣ ከመጋረጃ ጀርባ። ተወዳዳሪዎቹ እኔና ጢሞ። እሱ ሃያ ስምንት ዓመቱ፣ እኔ አርባ ስድስት። ይቺ ካመለጠችኝ ጡረታ እስክወጣ ሁለተኛ ነኝ። አለቀ።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ከፊቴ የምትቀመጠው ፍሉት ነፊ፣ እትዬ የምንላት፣ በእረፍት ሰዓት ጠጋ አለችኝ። «ችግሩ አንተ አይደለህም። ማውዝፒስህ አርጅቷል።» እንዴት ደስ አለኝ! ጥፋቱ አፌ ውስጥ የምትገባዋ የክላርኔቴ ጫፍ ነው! በእጃቸው የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ ነገረችኝ። አድራሻቸውን ይዣለሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ከጎማ መጠገኛው ጀርባ ያለች አንድ ክፍል። አምፖል፣ ሞረድ፣ ወለሉ ላይ ጥቁር ብናኝ። ሽማግሌው ማውዝፒሱን ወደ አምፖሉ ያዩታል፣ በአውራ ጣታቸው ጥፍር ይዳብሱታል፣ ሞረዱን ሁለት ጊዜ ብቻ ያሳርፉበታል፣ እንደገና ያዩታል። እንዲህ እያሉ አንዷን በሳምንት ይጨርሳሉ።

ዋጋዋን ጠየቅኩ። የሁለት ወር ደሞዜ! አፍ ውስጥ ለምትገባ፣ አውራ ጣት ለምታህል ጎማ! «ለዚች?» አልኳቸው። «ለዚች» አሉኝ።

እስከ ሰኞ የካቲት 17 እንድሞክራት ሰጡኝ። ካልተስማማችኝ እመልሳለሁ፤ የጥርስ ምልክት ካወጣሁባት ግን አይቀበሉኝም። ጥርሴ በሚያርፍበት ላይ የምለጥፋት ቁራጭ ላስቲክም ጨመሩልኝ።

አልለጠፍኳትም። ላስቲክ ድምፅ ያፍናል። በዚህ ዋጋ የመጣ ድምፅ ላፍን? ጥርሴን ቀስ አድርጌ ማሳረፍ ነው... ልጅ አይደለሁም።

አርብ፣ የካቲት 7

አንዴም ሲጥ አላለች። አንዴም።

እሑድ፣ የካቲት 9

ፍሪጃችን ከሞተ ወር አለፈው። ለአዲስ ፍሪጅ ያስቀመጥነው ገንዘብ አለ። ባለቤቴ የማውዝፒሷን ዋጋ ጠየቀችኝ። ገና እየተነጋገርን ነው አልኳት። ውሸት። የሂሳብ አስተማሪን መዋሸት ደግሞ...

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሁለቱንም ነፋሁላት፣ መጀመሪያ የድሮዋን፣ ቀጥሎ አዲሷን። የቱ ይሻላል?

«ሁለቱም አንተን አንተን ይላሉ።»

ተናደድኩባት። ጆሮ የላትም አልኩ በልቤ። አሁን ሳስበው ግን፣ እኔስ ዓይኔን ጨፍኜ እለያቸዋለሁ?

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ሲጥ። በአዲሷ። እዚያው ቦታ ላይ።

ጢሞ ዞሮ አላየኝም። አውቆ ነው። ሪዱን፣ ማውዝፒሷ ላይ ታስሮ የሚርገበገበውን ስስ ሸምበቆ፣ ቀየርኩ፣ ደግሜ ቀየርኩ። ሦስት ሪድ አበላሸሁ። ስምንት ቀን ቀረኝ።

አርብ፣ የካቲት 14

ልመልሳት ወሰንኩ። ወደ ሳጥኗ ከመክተቴ በፊት ስወለውላት አውራ ጣቴ ጎድጓዳ ነገር ላይ ወደቀ። ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። ሁለት ጥርስ፣ ጎን ለጎን፣ ቁልጭ ብለው።

ክው አልኩ። በሳሙና አሸኋት። የጥርስ ጉድጓድ በሳሙና ይለቅ ይመስል! ላስቲኳ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናት፣ ከወረቀቷ እንኳ አልተላጠችም። ፍሪጁን በላሁት።

ባለቤቴ ምነው አለችኝ። ምንም። የሞተውን ፍሪጅ ከፍታ ዘጋችው። ከልማድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን እኔን የመታችኝ መሰለኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ሄድኩ። ማውዝፒሷን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ መሬት መሬት አየሁ።

አልተቆጡም። የድሮዋን አምጣ አሉኝና ሁለቱን አምፖሉ ሥር አጋደሟቸው።

«ይቺን ስንት ዓመት ነፋህባት?»

«ሃያ።»

«ይቺንስ?»

«ስምንት ቀን።»

«በስምንት ቀን የሃያ ዓመቷን ግማሽ ቦርቡረሃል» አሉኝ። ከዚያ ረጋ ብለው አስረዱኝ። እነክሳለሁ። ስነክስ ሪዱ ይታፈናል፣ መርገብገቢያ ያጣል፣ ይጮሃል። የእሳቸውን ብገዛ የሌላ ሰው ብገዛ ያው ነው። የድሮዋ ምልክት ቀስ እያለ የመጣ ነው፤ እኔም አይቼው አላውቅም። «እንዲህ የሚነክስ የፈራ ሰው ነው» አሉ።

የላይ ከንፈሬን በጥርሴ ላይ አጥፌ እንድነፋ አሳዩኝ። ያኔ ብነክስ የምነክሰው ራሴን ነው። ሞከርኩ፤ እንባዬ መጣ። ድምፁ ግን... ድምፁ ወጣ።

ስለ ዋጋው ምንም አላለሳለሱም። ምልክት አለባት፣ ክፈል። ከፈልኩ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። ሰማችኝ፣ ሰማችኝና፣ «ማስታወቂያው ከወጣ ጀምሮ ተኝተህ ጥርስህን ታፋጫለህ» አለችኝ። «ይህንንማ እኔ በነጻ እነግርህ ነበር።»

ስቄ ነበር። እሷ አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ከንፈሬ አብጧል። ሾርባ እንኳ ያቃጥለኛል። ነገ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

መጋረጃው ግራጫ ነው፣ ታችኛው ጫፉ ተተልትሏል። ከሥሩ የዳኞቹ ጫማ ይታያል። አምስት ጥንድ። የመሪውን ለየሁት።

መሻገሪያዋ ስትመጣ መንጋጋዬ ሊቆለፍ ሲል የታጠፈውን ከንፈሬን አመመኝ፣ ለቀቅኩ። ደም ደም አለኝ። ድምፁ ግን ተሻገረ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። እንዲህ ነፍቼ አላውቅም።

ሦስት ለሁለት። ወንበሩ የጢሞ ሆነ። ፈጣኑን ክፍል ከኔ አስበልጦ ነፍቶታል፤ በር ላይ ቆሜ ሰምቼዋለሁ፣ አልክድም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ፊቴን አይታ ስለ ወንበሩ አልጠየቀችም።

«ጮኸች?»

«አልጮኸችም።»

«በቃ ግባ» አለችኝ። ከሰኞ ወዲህ ዛሬ ገና እጄን ያዘችኝ።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ጢሞ ቀዳሚው ወንበር ላይ። በሰዓቱ መጣ፤ ማንም አልሳቀም። ያቺ ቦታ ስትደርስ ሲጥ። የሱ ናት። መሪው ገጹን ገለጠ።

ደስ አለኝ። እዚህ ለማን እዋሻለሁ? ከዚያ ግን ከጎኑ ሆኜ መንጋጋውን አየሁት። ጉንጩ ሥር እንደ ቋጠሮ ተወጥሯል። ደስታዬ ብዙም አልቆየም።

በእረፍት ሰዓት መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ያቺ የእጅ ሥራ ማውዝፒስ... ዋጋዋን ታወጣለች?» አለኝ። ጋሼ ብሎኝ አያውቅም።

ሳጥኔን ከፍቼ ማውዝፒሷን አወጣሁ። ጉድጓዷን በጥፍሬ ዳበስኩት። ከዚያ ወዲህ አልጨመረም። የሽማግሌውን አድራሻ በኖታ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። አመስግኖኝ ሊሄድ ሲል ጠራሁት።

«ቁራጭ ላስቲክ ይሰጡሃል። እንዳትለጥፋት።»

«ጥርሴ ምልክት ያወጣባታላ!»

«ያውጣባት» አልኩት። «በስምንተኛው ቀን አምጣና አሳየኝ።»