የፈቃድ ወረቀትዎን ስመልስ

ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ወልደ ሚካኤል
ጣራ ገዳም

ይህን ስም በእጄ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሰረዝሁት፤ በሦስተኛው እጄ ለመደው። ጤናዎ እንዴት ነው? ሳንባዎ ብርዱን ቻለው? እዚህ የጉና ንፋስ ገብቷል፤ ጠዋት ስነሣ የጓሮው ሣር አመዳይ ለብሶ ነው የማገኘው። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ሌላ የለብኝም። ድንቹን አስወጣሁት። እርስዎ ባሉበት ጊዜ በተለመደው ልክ ተክዬው ኖሮ ለአንድ ሰው በዛ፤ ግማሹን ለጎረቤት አደልሁ።

ባለ ሚኒባሱ ፋንታው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያንን የፈረሙበትን ወረቀት ይሰጥዎታል። ለምን እንደ መለስሁት ከሥሩ ልንገርዎ፤ ወረቀቱ መጀመሪያ ሲደርስዎ ምን እንደ ሆነ አስረድቶ የነገረዎ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

እርስዎ ከሄዱ በሁለተኛው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት የሰውን ክስና ይግባኝ ሳስር የኖርሁ ሴት፣ በማግስቱ የማስረው ነገር አጣሁ። ከአልጋ ተነሥቼ፣ ለብሼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ በሩ ላይ ቆሜ ወዴት እንደምሄድ ጠፍቶኝ ተመልሼ የተቀመጥሁበት ቀን ብዙ ነው። እንደዚያ ሆኜ ሳለሁ ነው ሠናይት የመጣችው። የብዙነሽ ልጅ ናት፤ ኩዌት ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰችው። ከሰፈሩ ልጆች ጋር በእድሩ አዳራሽ ጓዳ ፖድካስት የሚሉትን ጀምራለች። እንደ ራዲዮ ነው፤ ጣቢያ ግን የለውም። ንግግሩ በስልክ ይቀዳል፣ በቴሌግራም ይለቀቃል፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ በሜሞሪ ካርድ ከሰው ሰው ይዞራል። ባለ ባጃጁ እየነዳ፣ ነጋዴው ሱቁ ተቀምጦ ይሰማዋል። «ጉርብትና» ብለውታል።

መጀመሪያ ደንብ አልነበራቸውም። አንዲት ሴት ስለ አማቷ የተናገረችው ተለቀቀ። ስም አልጠራችም፤ ግን በዚህ ከተማ ስሙ ሳይጠራ የማይታወቅ ማን አለ? አማቲቱ ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሳትታይ ቀረች። ያኔ ልጆቹ ደነገጡ፤ «የሚነገረውና የማይነገረው በጽሑፍ ይለይ» አሉና የሕግ ቃል ታውቃለች ብለው እኔ ዘንድ መጡ። አቶ ደምሴ፣ ድሮ ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩት፣ ሰብሳቢ ሆኑ። ሁለት ወር ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ ስንከራከር ከረምን። አልዋሽዎትም፣ ማክሰኞን እንደ በዓል ነበር የምጠብቀው። ሰው በዘሩና በሃይማኖቱ እንዳይነካ፣ የሚያለቅስን ሰው ማንም እንዳያቻኩል፣ ከንግግር የሚቆረጥ ነገር ካለ ባለቤቱ ሳይሰማው እንዳይለቀቅ፤ ይህን ሁሉ በሰላም ተስማማን።

አንቀጽ ሰባትን ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ። በሕይወት ያለ ሰው በሌለበት ቢነሣ፣ ሰምቶ ካልፈቀደ ንግግሩ አይለቀቅም፤ ተናጋሪም ሆነ የተነሣ ሰው ደግሞ እስኪለቀቅ ድረስ ፈቃዱን ሊያነሣ ይችላል፤ እንዲህ ነው የሚለው።

አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ፈቃድ አንዴ ከወጣ ወጣ ነው፤ እንደ ካፖርት ይለበሳል ይወለቃል እንዴ?» አሉ።

«ሰው ምን እንደ ፈቀደ የሚገባው ዘግይቶ ነው» አልሁ።

ከየት እንደ መጣልኝ እንጃ። አቶ ደምሴም እንዳልሁት ጻፉት።

መስከረም ላይ ሠናይት ብቻቸውን ስለሚኖሩ ሰዎች ዝግጅት አሰበችና «እትዬ፣ እርስዎ ይናገሩልን» አለችኝ። ሁለቴ እምቢ አልሁ። በሦስተኛው ስልኳን ይዛ ቤት መጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ እርስዎ የሠሩት ጠረጴዛ ላይ፣ አስቀመጠችው። አርባ ደቂቃ ተናገርሁ። ማንም ዓይኔን ስላላየኝ ይሆናል። የምሠራው ወጥ ሦስት ቀን እንደሚቆይ፣ ሰው እንዲመስለኝ ራዲዮ ከፍቼ እንደምውል፣ በር ሲንኳኳ አንዳንዴ ሌላ በር መሆኑን እያወቅሁ እንደምነሣ ተናገርሁ። እዚያ ብቆም ደግ ነበር። አልቆምሁም። «ባሌ ጥሎኝ መነነ» አልሁ። «ሰባት ወር አጥቤ አጉርሼ ያዳንሁት ሰው፣ እግሩ ሲጸና ጥሎኝ ሄደ።»

ማክሰኞ ኮሚቴው ሰማው። ሠናይት አለቀሰች። አቶ ደምሴ ግን ወረቀታቸውን ገለጥ አድርገው «አንቀጽ ሰባት» አሉ። «የራስዎ አንቀጽ ነው፣ ወይዘሮ ለተሥላሴ። አባን ማስፈቀድ አለብን።»

ለገዳሙ ዱቄት የሚያመላልሰው ፋንታው ቅጂውንና የፈቃድ ወረቀቱን ይዞ ሄደ። እስኪመለስ የተመኘሁትን ልንገርዎ? እንዲቆጡ ተመኘሁ። «ይህች ሴት ስለ እኔ እንዲህ ትላለች?» ብለው ወረቀቱን ቀዳደው እንዲጥሉት። ከፈለጉም ወርደው መጥተው እንዲጣሉኝ።

ፋንታው ተመልሶ «ዛፍ ሥር ተቀምጠው እስከ ፍጻሜው ሰሙት» አለኝ።

«ምንም አላሉም?»

«አንዴ አስቆሙኝ። ‹ሳል ይዟታል እንዴ? ሦስት ጊዜ አስላለች› አሉኝ። እኔ እንጃ አልኋቸው።»

የአቧራ ሳል ነው፤ ለቆኛል።

ከዚያ ወረቀቱን ሰጠኝ። በዚያ እንጨት ላይ ምልክት በሚያደርጉበት ድፍን እጅ ጽሑፍ፣ «እውነት ነው። ይሰማ።»

እውነት ነው! ምኑ ነው እውነቱ፣ ባምላኩ?

ይቅርታ። አንቱታውን እስከዚህ ነው የቻልሁት። ሠላሳ ሁለት ዓመት አንተ ያልሁትን ሰው በአንቱ መጣላት አልችልበትም። አባ መሆንህን አልዘነጋሁም፤ ይህን ገጽ ብቻ ባምላኩ ሆነህ አንብብልኝ።

ጥለኸኝ አልሄድህም። ይህን አንተ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፣ የነፍስ አባታችንም ያውቃሉ። ሳሎናችን ተቀምጠው «ልጄ፣ ያለ ሚስቱ ፈቃድ አይሆንም፤ ከልብሽ ነው?» ብለው ሦስት ጊዜ ጠየቁኝ። ሦስት ጊዜ «ከልቤ ነው፣ ይሂድ» አልሁ። አንተ መሬት መሬት ታይ ነበር። በሦስተኛው ቀና ብለህ አየኸኝ፤ እኔ ፈገግ አልሁልህ። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኋትም።

ሆስፒታል ተኝተህ «ብድን እመነኩሳለሁ» ብለህ ተሳልህ። እኔ በዚያችው ሰዓት ውጭ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ «እሱን ብቻ ተውልኝ» እያልሁ ነበር። የሁለታችንም ልመና ተሰማ። አንተ የተሳልኸው ግን እኔን ነበር። አልነገርኸኝም፣ አልጠየቅኸኝም፤ ድነህ ስትነሣ ነው ያወቅሁት። እምቢ ብልህስ? ስለቱን አስቀርቼብህ በሽታው ቢመለስ፣ በሳልህ ቁጥር «በእኔ ነው» እያልሁ ልኖር? ፈራሁና ፈቀድሁ። ከፍርሃት የወጣ ፈቃድ ከልብ ከወጣው በምን ይለያል? ቃሉ አንድ ነው፤ የሰማ ሁሉ ሰምቷል።

ከዚያ ጎረቤቱ መጥቶ «ወይኔ ለተ፣ ጥሎሽ ሄደ» አለኝ፤ ዝም አልሁ። አንድ ቀን ዝም ያልሁት አራት ዓመት ሆነ። የተተወች ሴት ይታዘንላታል፣ ሳህን ይላክላታል። «ሂድ» ያለችውን ሴት ማን ያጽናናታል? እኔም ቆይቼ የራሴን ወሬ አመንሁት። እውነት ብትቆጣ ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቴ አምኜው እኖር ነበር። አንተ ግን የእኔን ውሸት በራስህ ላይ ፈርመህ ላክህልኝ።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። አዳራሹ ገብቼ ሳልቀመጥ «ፈቃዴን አንሥቻለሁ» አልሁ።

አቶ ደምሴ «ማን አስፈራራዎት?» አሉ።

«ማንም። የተናገርሁት ውሸት ስለሆነ ነው።»

ሁሉንም ነገርኋቸው። ማንም አላቻኮለኝም። ስጨርስ አቶ ደምሴ ደንቡን ከፊት ወደ ኋላ አገላበጡና፣ «ሰው ሌላውን እንዳይበድል ይህን ሁሉ ጻፍን፤ ሰው በራሱ ላይ ለሚዋሸው ግን አንድም አንቀጽ የለንም» አሉ። እንደ መሳቅም እንደ ማዘንም ነበር።

ሠናይት ብቻ «ታዲያ እትዬ፣ ለምን እምቢ አላሉም?» ብላ ጠየቀችኝ። ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት። ለአንተ የጻፍሁትን ያህል ልነግራት አልቻልሁም። «እንዲኖር ፈልጌ ነው» አልኋት።

እንደገና ቀዳችኝ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ሆነ። አንተ አልተነሣህበትም፤ «አንድ ሰው ሂድ ካለ በኋላ እንዴት ይኖራል» የሚል ነው። ስለዚህ ነው ፈቃድህ የማያስፈልገው፣ ወረቀትህንም የመለስሁት። «እውነት ነው» ያልኸው እዚህ መዝገብ ውስጥ እንዲቀር አልፈልግም። መዝገብ ምን ያህል እንደሚቆይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ኅዳር ሰባት ቅዳሜ ተለቀቀ። ጎረቤታችን ፈንታነሽ አራት ዓመት እሑድ እሑድ ሳህን ይዛ ትመጣ ነበር፤ ይኸው ሁለት እሑድ ሆናት፣ አልመጣችም። ገበያ ላይ ከኋላዬ «ራሷ ልካው ነው ለካ» ሲባል ሰማሁ። አልዞርሁም። አንዲት የማላውቃት ሴት ደግሞ ለሠናይት በስልክ ድምፅ ላከች፤ «እኔም ሂድ ብዬ ነው» ትላለች፤ ከዚያ ሌላ ቃል የለም፤ ትተነፍሳለች፣ በሩቅ ዶሮ ይጮኻል፣ ያበቃል። ሠናይት ሦስት ጊዜ አሰማችኝ። ማን እንደሆነች እንድንጠይቅ ደንባችን አይፈቅድም።

ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ጭር ብሏል። ግን ራዲዮውን መክፈት ትቻለሁ።

ስለዚያ ስለ ፊተኛው ፈቃድ አትስጋ። እሱን አላነሣውም። ላንሣውም ብል፣ ከተለቀቀ አራት ዓመት አልፎታል። ጸልይ፣ ኑር፣ በብርድ ተጠንቀቅ። እኔ የለመንሁት እንድትኖር ነበር፤ እየኖርህ ነው። የት እንደምትኖር ለይቼ አለመለመኔ የራሴ ጥፋት ነው።

ወደ አንቱታው ልመለስ።

አባ፣ በድፍረት የጻፍሁትን ይፍቱኝ። ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። እኔንም በጸሎትዎ ያስቡኝ፤ ስሜን አይረሱትም መቼም። ለዚህ መልስ አያስፈልገውም። ለመነኩሴ ደብዳቤ ይጻፍ አይጻፍ ሥርዓቱን አላውቀውም፣ መነኩሴስ ይመልስ እንደሆነ። ፋንታው ሐሙስ ሐሙስ ከእናንተ ሲመለስ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም በደጃችን ያልፋል። በዚያ ሰዓት እኔ ቤት ነኝ።

ለተሥላሴ