ከሰማይ የወረደ ወረቀት

ነሐሴ 3፣ ሰኞ። ከቀትር በኋላ

ዛሬም ሱቅ ከፈትኩ። ዛሬም ክር የሚገዛ የለም። ደመናው ከፈት ሲል ያ የጣልያን አውሮፕላን መጣና ወረቀት በተነ። በአረብኛ የተጻፈ። የኛ ሰዎች ከጭቃው ላይ እየተሻሙ አነሱት፤ የቁርኣን ፊደል መሬት አይወድቅም ብለው። ሚስቴ ዘሀራ አንዱን ጠራርጋ፣ ስማ፣ ከቁርኣኑ ሽፋን ውስጥ ከተተችው። ከሰማይ የወረደ ነው አለች። ከሰማይ የወረደስ ቁርኣኑ ነው፣ ይሄ ከነጂው እጅ ነው የወረደው አልኳት። አኮረፈች።

አውጥቼ አነበብኩት። ለሹም መታዘዝን የሚያዘው አንቀጽ ነው። አንዲት ቃል ጎድላለች። «ሚንኩም»። «ከእናንተ የሆነ» ማለት ናት። ከእናንተ ለሆነ ሹም ታዘዙ የሚለው፣ ለሹም ታዘዙ ሆኖ ቀርቷል። የማተሚያ ስህተት ነው? ሞኝህን ፈልግ።

ደብተሬ፣ በአማርኛ የምጽፍብህ ለዚህ ነው። የጣልያን አስተርጓሚ አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደሉን አይለይም። አረብኛውን ግን አሳምሮ ያነባል። ቃሏን የቆረጣትም እሱ ነው፤ ሌላ ማን ያውቃታል?

ነሐሴ 5፣ ረቡዕ

አስተርጓሚው መስጊድ መጣ። ዐርብ ሸህ ይማም ወረቀቱን ከመስበኪያው ከሚምበሩ ላይ ቆመው ያንብቡ፣ ትርጉሙንም በአማርኛ ይንገሩ፤ መንግሥት መስጊዱን በቆርቆሮ ይከድናል አለ። ሸ/ይማም ኢማማችን ናቸው። የዘሀራ አባት፣ የኔም መምህር። የሳሩን ጣራ ቀና ብለው አዩና፣ ቆርቆሮው መቼ ይመጣል ብለው ጠየቁ።

ደሜ ፈላ። ሳሩ እንደ ወንፊት ያፈሳል፣ እውነት ነው። ግን እሳቸው አይደሉም በልጅነቴ አንዲት ፊደል ስዘል በአለንጋ ይሞሽልቁኝ የነበሩት? መልአኩ ጂብሪል ያወረደውን አንተ ልትቀንስ ነው እያሉ? ነቢዩ እንኳ የተቀበሉትን አደረሱ እንጂ ከራሳቸው አንዲት ቃል አልጨመሩም ያሉኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ቆርቆሮ። አማት ባይሆኑ የምጽፈውን አውቅ ነበር።

ነሐሴ 6፣ ሐሙስ

አማኑኤል ገበያ ዋልኩ። የኖሩ ደንበኞቼ አይተው አለፉኝ። ክርስቲያኑ ገበሬ አያ ደምሴ ብቻ መጣ። ሸሃችሁ ነገ ጣልያንን ሊመርቁ ነው ይባላል፣ እንዲያ ከሆነ እህል የሚሸጥላችሁ የለም አለኝ። ከወንጌልህ ላይ አንድ ቃል ቢቆርጡብህ ዝም ትላለህ ወይ አልኩት።

«ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» አለኝ። «እናንተ ሞኝ ናችሁ?»

ሰደብኩት። ወዳጄን።

ነሐሴ 7፣ ዐርብ። ከጁምዓ በኋላ

መስጊዱ ሞልቷል። አስተርጓሚው በር ላይ፣ ሁለት ወታደር ከነጫማው ምንጣፉ ላይ። ሲያነቡ ተነስቼ ልወጣ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ሸ/ይማም ወረቀቱን ወደ ደከመ ዓይናቸው አስጠጉ። ጀመሩ። ሚንኩም አሉ። ጥርት አድርገው። ቀጥለው በአማርኛ፤ ከእናንተ የሆነ ሹም። ሰው ሁሉ ዞሮ ወታደሮቹን አየ።

አስተርጓሚው ያለውን ብቻ ያንብቡ አለ። ደገሙ። አሁንም ሚንኩም። ጮኸባቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ሰጡት።

«ወረቀቱ የናንተ ነው፣ የፈለጋችሁትን አጉድሉበት። ቃሉ ግን አደራ ነው። አጉድዬ አልመልስም።»

በባዶ እግራቸው በዝናብ ወሰዷቸው። የረቡዕን ጽሑፍ አልሰርዝም። እያየሁት ልፈር።

ነሐሴ 10፣ ሰኞ

ዘሀራ እስር ቤት ስንቅ አድርሳ መጣች። ፊታቸው አብጧል። ቃሏን ያሏት አስበውበት እንደሆነ ጠይቂልኝ ብያት ነበር። አላሰብኩም አሏት። ቆርቆሮውን ፈልገውታል። ሊያነቡት ቆርጠው ነው ሚምበሩ ላይ የወጡት።

«ምላሴ እንቢ አለች» ነው ያሏት።

ሰው አማቱን በአንድ ሳምንት ይጠላል፣ ያከብራል፣ ከዚያ ይህን ይሰማል።

ነሐሴ 13፣ ሐሙስ

አስተርጓሚው ሱቄ መጣ። የክሩ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፣ አልጋበዝኩትም። ነገ አንተ ታነባለህ አለ። ዓይንህ ደህና ነው፣ እንደ ሽማግሌው አትሳሳትም። በትክክል ካነበብክ ይፈታሉ፤ ካልሆነ አብረህ ትገባለህ። በትክክል አለ! አፉ አልተንቀጠቀጠም።

ዘሀራ ከጓሮ ሰምታለች። የሳመችውን ወረቀት አምጥታ ቃሏ የት ጋ እንደጎደለች አሳየኝ አለች። በጣቴ አሳየኋት። ለዚች ነው አለች። ለዚች ነው አልኩ። አለቀሰች። አባቷ ናቸው። ተነሳች፣ ሁለት ጋቢ አጣጥፋ በር አጠገብ አስቀመጠች። አንዱ የአባቷ፣ አንዱ የኔ። ወረቀቱን ወደ ሽፋኑ አልመለሰችውም።

ነሐሴ 14፣ ዐርብ

አዛን እየተባለ ነው። ጧት ብቻዬን ሆኜ አንቀጹን ያለ ቃሏ ልለው ሞከርኩ። ሸ/ይማምን ላስፈታ ብዬ፣ ራሴን አታልዬ። እዚያ ስደርስ ወጣች። ሦስቴ ሞከርኩ። ያ ሁሉ አለንጋ በከንቱ አልነበረም።

ደብተሬ፣ ከክሩ ስር ትቆያለህ። ዘሀራ በር ላይ ናት። ሚንኩምን እላታለሁ። ሁለቱንም ጋቢ ይዣለሁ፣ እዚያ ብርድ ነው ይላሉ፣ እና