በአንድ ክፍል ሁለት ተፈታኞች

ሜይ 6

ፓትና ከተማ ዛሬም እሳት ናት። መብራት ሄዷል፤ ማራገቢያው ቆሟል። ባሌ ኒርባይ በሸሚዝ እጅጌው ላቡን እየጠረገ ያነባል። እኔ ምስር እየለቀምኩ ጮክ ብዬ እሸመድዳለሁ። የ1909ኙ የሕንድ አስተዳደር ሕግ... ሙስሊሞች ተወካያቸውን ለብቻ ይምረጡ ተባለ። የ1919ኙ... የክፍለ ሀገሩ ሥልጣን ለሁለት ተከፈለ። ትምህርትና ጤና ለሕንዳውያን ሚኒስትሮች፣ ፖሊስና ገንዘብ ለእንግሊዙ ገዥ።

«ልክ እንደኛ ቤት» አልኩት። «ምድጃው ለእኔ፣ ንባቡ ላንተ።»

«ፈተና ላይ እንደዚህ ብለሽ ጻፊና ታዪዋለሽ።»

አልሳቀም። የመንግሥት ሥራ መቀጠሪያ ፈተናው ለሱ የመጨረሻ ዕድሉ ነው፤ ከዚህ በኋላ ዕድሜው አይፈቅድለትም። ካላለፈስ? አልጠየቅኩትም።

ሜይ 13

አማቴ ከመንደር ደወሉ። «ልጄ በደንብ ይበላል?» ይበላል አልኳቸው። «አንቺ ደግሞ ንባቡን ቀነስ አድርጊ። መጀመሪያ እሱ ይለፍ፤ ያንቺ ይደርሳል።»

እሺ እማማ...

ስልኩን ዘግቼ የ1935ቱን ሕግ ገለጥኩ። ክፍለ ሀገሮች ራሳቸውን ያስተዳድሩ ተባለ፤ ፌዴሬሽኑ ግን ወረቀት ላይ ቀረ። ደጋግሜ አነበብኩት። አልገባ አለኝ። ደክሞኛል።

ሜይ 25

የመጀመሪያውን ዙር ተፈተንን። በሪክሾ ስንመለስ እሱ መልሶቹን በጣቱ እየቆጠረ መጣ።

ጁን 12

ውጤት ወጣ። የእኔ ቁጥር አለ። የሱ የለም።

ከላይ እስከ ታች እንደገና ፈለገ። «በቃ» አለ። ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ደስ ይበለኝ? ላልቅስ? ራበኝ እንጂ... በራሴ አፈርኩ።

ጁን 14

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እሱ ባለበት መጽሐፍ መግለጥ አቃተኝ። ሁለተኛው ዙር ደግሞ እየመጣ ነው።

«ልተወው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ፈተናውን። አገራችን እንግባ።»

ብድግ ብሎ ተቀመጠ። «አብደሻል? ምድጃ ስር ተቀምጠሽ ያነበብሽውን ሁሉ? እኔ ከፍቶኛል... ተዪኝ፣ ይክፋኝ። አንቺ ግን አትተዪም።»

እጁን ያዝኩት። ሁለታችንም አለቀስን።

ጁን 19

ዛሬ እናቱ ሲደውሉ ራሱ አነሳ። ሲሸሻቸው ነበር የከረመው። ድምፃቸው እኔ ጋ ድረስ ይሰማል።

«አለፍክ፣ ልጄ?»

«ወደቅኩ፣ እማዬ። ሱሩቺ አልፋለች።»

ወደ ስልኩ ጠጋ አልኩ። አሁን ምን ሊሉኝ ነው?

«ታዲያ» አሉ፣ «ለሷ ማን ሊያበስልላት ነው?»

«እኔ።»

«አንተ? ልጅቷን ልትገድላት ነው!»

ሳቀ። ውጤቱ ከወጣ ወዲህ ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሊሰናበታቸው ሲል ጮኹበት፦

«ስልኩን እንዳትዘጋ! መጀመሪያ ሩዙን እጠብ።»