ሳይታዘዝ ስለሚወርደው ቢላዋ እና ስለ መልካም አመራርዎ

ይድረስ ለተከበሩ የማተሚያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናና ዕድሜ እመኛለሁ። በተለይም አሥሩም ጣቶችዎ ደኅና እንዲሆኑ እመኛለሁ፤ የዚህ ምኞት ምክንያት ዝቅ ብሎ ተገልጿል።

እኔ በዚህ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም የኖርኩ አራሚ ነኝ። የአለቃ ስሕተት ማረም በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ ስለሌለ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በምሳ ሰዓቴ መሆኑ ይመዝገብልኝ። በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌም ከድፍረት አይቆጠርብኝ፤ ሠራተኛ የልቡን በግልጽ እንዲናገር ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

ከሦስት ቀኑ የአመራር ሥልጠና ከተመለሱ ወዲህ በቤታችን የመጣውን ለውጥ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ። ስለዚህ በተራ ቁጥር አመሰግናለሁ።

1. ስለ ማዳመጥዎ። መሪ ሠራተኛውን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣ የሰማውንም በራሱ አንደበት እየደገመ ማዳመጥ እንዳለበት ተምረው በመምጣትዎ፣ ረቡዕ ከአራት እስከ አምስት ያለውን ጊዜ «የማዳመጫ ሰዓት» ብለው ሰየሙልን። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ቢጫ ቀለም ማለቁን ስትነግርዎ፣ ቢጫ ቀለም ማለቁን ከልብ በሆነ ሐዘን መልሰው ነገሯት። ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈው። ቀለሙ አሁንም የለም፤ በምናትማቸው የቀን መቁጠሪያዎች ላይም ሣሩ ሁሉ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። የተናገርነውን መልሶ ማሰማቱንስ የገደል ማሚቶም ታደርግልን ነበር፤ ራሷን ስለማትነቀንቅልን ግን እርስዎ ይሻሉናል።

2. ስለ ክፍት በርዎ። በሬ ክፍት ነው ማለቱ ብቻ አልበቃ ብሎዎት በሩን ከነማጠፊያው አስነቀሉት። በሩ በነበረበት ቦታ ደግሞ የጸሐፊዎ ጠረጴዛ በአግድም ተቀመጠ። ድሮ ደጅ እንጠና ነበር፤ አሁን የሚጠና ደጅ ስለጠፋ ጠረጴዛ እንጠናለን።

3. ስለ ጠዋቱ የቁም ስብሰባ። አሥር ደቂቃ ተብሎ የተጀመረው ይህ ስብሰባ አሁን ሃምሳ ደቂቃ ደርሷልና ዕድገት ማለት ይህ ነው። እያንዳንዳችን ራሳችንን የማሻሻል ዕቅዳችንን እየተነሣን፣ ማለትም እንደቆምን፣ እንናገራለን። የጥበቃ ሠራተኛው አባባ ተራቸው ደርሶ ከአምስት ዓመት በኋላ ራሳቸውን የት እንደሚያዩ ሲጠየቁ፣ ጥቂት አሰቡና ፈጣሪ ከፈቀደ ቁጭ ብለው እንደሚያዩ መለሱ። እርስዎም ራዕይ ይጎድላቸዋል ብለው ማስታወሻ ያዙ። ለእኛ ግን በዚያ ጠዋት ከተነገሩት ራዕዮች ሁሉ የሚጨበጠው የእሳቸው መስሎን ነበር።

4. ስለ መፍትሔ። በቢሮዎ ግድግዳ ላይ «መፍትሔ ሳይዙ ችግር ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ አሰቅለዋል። ቆራጫችንን በመልክ ያውቋት እንደሆነ እንጃ። በመጠረዣ ክፍሉ ባለው ትልቅ የወረቀት መቁረጫ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች፣ ከልኳ ዝንፍ ስለማትል «ሚሊሜትር» የምንላት፣ ሁለት ልጆቿን በነዚያው እጆቿ የምታሳድግ ሴት ናት። ማሽኑ ሁለት አዝራሮች በሁለት እጅ ካልተጫኑ ቢላዋው እንዳይወርድ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ሠሪዎቹ ሰው ከሁለት በላይ እጅ እንደሌለው አስበውበታል። ባለፈው ወር ግን አንዱ አዝራር ተቃጥሎ፣ ማሽኑ ሁለቱም የተጫኑ እየመሰለው ቢላዋው እንዳሻው መውረድ ጀመረ።

ረቡዕን ጠብቃ፣ ጠረጴዛውን ዞራ ገባችና፣ «ጌታዬ፣ ቢላዋው ሳልነካው ወረደ፤ እጄ የተረፈው በዕድል ነው» አለችዎት። ሳትነካው መውረዱን ደገሙላት፤ ራስዎንም ነቀነቁላት። ከዚያም መፍትሔዋን ጠየቋት። ማስጠገን ነው አለች። እሱ መፍትሔ ሳይሆን ሌላ ችግር መሆኑን ካስረዷት በኋላ፣ እስከ ዛሬ በየክፍሉ የምንደጋግመውን ቃል ተናገሩ፦ «መጠገን ያለበት ማሽኑ ሳይሆን አስተሳሰብሽ ነው።»

መካኒካችን ይህን ሲሰማ የመፍቻ ሳጥኑን ገልብጦ ፈተሸ። ለማሽኑ የሚሆን መፍቻ ሞልቶታል፤ የጎደለው መለዋወጫ አዝራሩን ለማዘዝ የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ለአስተሳሰብ የሚሆን መፍቻ ግን አላገኘም።

ቆራጯም ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ማሽኑን አጠፋች፤ ቁልፉንም ኪሷ ከተተችው። በማግስቱ «በአሉታዊ አመለካከትና ያለ በቂ ምክንያት ሥራ በማስተጓጎል» የሚል የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። የፊታችን ሰኞ ደግሞ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ከሥራ መሰናበቷን ሊወስን ይቀመጣል።

ወደ ልመናዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ሰው ላስታውስዎ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ሥራ አስኪያጅ ሥልጠና የሚባል ነገር አያውቁም፤ ቁጡም ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ግን ኮታቸውን ሳያወልቁ በየማሽኑ እየዞሩ ዛሬ ምን ተበላሸ ብለው ይጠይቃሉ። የተበላሸውን በትንሽ ደብተር ይጽፉታል፤ ተጠግኖ በዓይናቸው ሳያዩ አይሰርዙትም። ክፉ ወሬ ይዞ የመጣውን ሰው ደግ አደረግህ ብለው ይሸኙታል። ሲሳሳቱም እኔ ነኝ ያጠፋሁት ይላሉ፤ እርግጥ ይህን የሚሉት እየተቆጡ ነው። ነገሩ በሙሉ ይኸው ስለሆነ ለሦስት ቀን ሥልጠና እንደማይበቃ፣ የምስክር ወረቀትም እንደማያሰጥ ይገባኛል።

የምንለምነው በአንድ እስክሪብቶ የሚያልቅ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ይሰርዙላት፣ የአዝራሩን ማዘዣ ይፈርሙልን። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን ኮሚቴው ሰኞ የሚቀመጠው በመጠረዣ ክፍሉ ውስጥ እንዲሆን በትሕትና እንጠይቃለን። ማሽኑን ለማቆም በቂ ምክንያት አለመኖሩ በተግባር መታየት ስላለበት፣ ቁልፉ ይሰካና አንድ ሰው እጁን ከቢላዋው ሥር አስገብቶ ወረቀት ያስተካክል። ማን ይሁን በሚለው ላይ ብዙ አልተከራከርንም። መሪ ምሳሌ ሆኖ ይመራል ብለው ስላስተማሩን ሠላሳ አንዳችንም በአንድ ድምፅ እርስዎን መርጠናል፤ ፊርማችን ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ከፍ ካለ አክብሮት፣ ዝቅ ካለ ተስፋና ሁልጊዜም ከማይጓደል ታዛዥነት ጋር፣

የእርማት ክፍሉ አራሚ

ግልባጭ፦
ለሠራተኛ ማኅበሩ
ለቆራጫችን፣ ሰኞ ይዛው እንድትገባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ተስተጓጎለ የተባለው ሥራ ምን እንደሆነ በማስጠንቀቂያው ላይ ስላልተጠቀሰ ላሟላው፤ እርስዎ ስለ መልካም አመራር የጻፉት መጽሐፍ ነው። አምስት መቶው ቅጂ ታትሞ፣ ታጥፎና ተሰፍቶ በመጠረዣ ክፍሉ ተከምሯል። ዳር ዳሩ ሳይቆረጥ ገጾቹ እንደተያያዙ ስለሚቀሩ ግን አብዛኛው ገጽ አይገለጥም። ምክትልዎ ባለፈው ማክሰኞ አንድ ቅጂ ወስደው በማግስቱ መለሱ፤ አይተነዋል፣ አንድም ቦታ አልተቀደደም። በዚያው ጠዋት ስብሰባ ላይ ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ እንዳነበቡትና ሕይወታቸውን እንደለወጠው በሁላችንም ፊት ነገሩዎት። እርስዎም ማስረጃ ሳይጠይቁ አመኗቸው።