የራስ ሐጅራው መብራት ጠባቂ ሲ ላሞሪ ቡሽማልና ሁለት መቶ ሰማኒያ አራቱ መስታወቶች

ሲ ላሞሪ ቡሽማል ከአባታቸው ከሲ ጣሃር ቡሽማልና ከእናታቸው ከላላ ዝዊና እ.ኤ.አ. በ1941 በራስ ሐጅራ፣ ከባሕር መብራቱ ማማ ሥር ባለችው የድንጋይ ቤት ተወለዱ። አባታቸው ለማማው ላምባ በአህያ የሚያመላልሱ ሰው ነበሩ። ሲ ላሞሪ ቁርአን ቀርተዋል፤ በመንደሩ ትምህርት ቤትም የነፃነት ጦርነቱ እስኪዘጋው ድረስ አራት ዓመት ተምረዋል።

አገራችን አልጄሪያ ነፃ በወጣችበት በ1962 ፈረንሳዊው ጠባቂ ቁልፉን በሩ ላይ ትቶ በመርከብ ሄደ። ሲ ላሞሪ ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበሩ። ማንም ሳያዛቸው ወጥተው መብራቱን ለኮሱ። ከዚያ ወዲህ አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ማማው ጨልሞ አያውቅም።

በመብራቱ ዙሪያ የሚዞረው ሌንስ ከሰው ቁመት በላይ ሲሆን፣ ሁለት መቶ ሰማኒያ አራት መስታወት የተሰካበት ነበር። ሲ ላሞሪ በየማለዳው በኮምጣጤ ውሃ እያጠቡ በተልባ እግር ጨርቅ ያደርቁታል። “መስታወት ላይ እድፍ ከተውክ፣ ባሕር ላይ ሰው ተውክ” የሚል አባባል ነበራቸው። ዓሣ አጥማጁ መስዑድ ደግሞ “የሲ ላሞሪ መስታወት ላይ ዝንብ እንኳ ውዱእ አድርጋ ሳትታጠብ አታርፍም” እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

በ1968 ከላላ ሐዳ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ወናሳን፣ ነጅማንና ራቢሕን ወልደዋል። ፀሐይ በሌንሱ ውስጥ አልፋ ኮረብታውን እንዳታቃጥል በየንጋቱ መጋረጃ መሳብ ግዴታ ነው፤ ይህም የላላ ሐዳ ሥራ ነበር። “አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው ሌንሱን ነው፤ እኔን ያመጣኸኝ ለመጋረጃ ሳቢነት ነው” ይሏቸው ነበር። ላላ ሐዳ በ2004 ወደ አኼራ ሄዱ።

በጥቅምት 2009 በሌንሱ ፋንታ ትንሽ የኤሌክትሪክ መብራት እንዲተከል ተወሰነ። ሌንሱ ወደብ አጠገብ በሚከፈተው ሙዚየም ታድሶ እንደገና እንደሚዞር ተነገረ። ሲ ላሞሪ “ሳልሞት አንድ ቀን ሲዞር ልየው እንጂ ሌላ አልፈልግም” ብለው ተስማሙ። መስታወቶቹን የያዘውን የናስ ክፈፍ ጨው ስለበላው ሠራተኞቹ መስታወቱን አንድ በአንድ ነቀሉት። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ ቦታውን የሚያመለክት ቁጥር በነጭ ጠመኔ ጽፈው በሰባት ሣጥን ከተቱት። በስድስተኛው ቀን መኪና ሊያመጡ ወደ ከተማ ወረዱ።

ሲ ላሞሪ ሣጥኖቹን ከፍተው አዩ። የጣት አሻራ፣ አቧራ፣ ጠመኔ። “እንዲህ ቆሽሾ ከቤቴ አይወጣም! ሰው ምን ይለኛል?” አሉ። ሁለት መቶ ሰማኒያ አራቱንም አጥበው፣ አድርቀው፣ በንጹህ ጨርቅ ጠቅልለው መለሱት። ልጅ እንደሚድር አባት ደስ ብሏቸው ነበር።

ሣጥኖቹ ሙዚየም ሲከፈቱ መስታወቱ ያብረቀርቃል። አዳሹ ሰውዬ ደጋግሞ ካገላበጠ በኋላ “አባት፣ ቁጥሮቹስ?” አላቸው። ሲ ላሞሪ ለሠራተኞቹ ያመጡትን መቅሩጥ የሚባል የተምር ጣፋጭ እንደያዙ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። እያንዳንዱ መስታወት ለገዛ ቦታው ብቻ የተቆረጠ ነው፤ ልዩነቱም የፀጉር ያህል ነው። የሙዚየሙ ሠራተኞች ዓመት ከሞከሩ በኋላ “አይሆንም” ብለው ሣጥኖቹን መለሱላቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መንደሩ ያውቃል። ሲ ላሞሪ በማማው ሥር ባለው የላምባ መጋዘን ውስጥ በየቀኑ ሲገጥሙ ኖሩ። “አበዱ” የተባለው ውሸት ነው። “እጄ ያውቀዋል” ይሉ ነበር። ስልሳ አንዱን ገጠሙ። ባለፈው ዓመት በ2022 ክረምት፣ በታችኛው ቀለበት የገባው አንድ መስታወት የዚያ ቦታ እንዳልሆነ ገባቸው። ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ ስህተት ነበር። ስልሳ አንዱንም በገዛ እጃቸው አወረዱ። ዳግም መጋዘኑን አልከፈቱም፤ ምግብም ቀነሱ።

ሲ ላሞሪ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 9 ቀን 2023 አረፉ። የሁለት ሴቶችና የአንድ ወንድ ልጅ አባት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። መስታወቶቹም በሰባት ሣጥን አሉ፤ አንድም አልተሰበረም፣ አንድም አልቆሸሸም።

መስታወቶቹን ባጠቡበት ቀን የኮምጣጤውን ውሃ ያቀረበችላቸው የበኩር ልጃቸው ወናሳ ናት። ቁጥሮቹን አይታለች። አስተማሪ ናት፤ ቁጥር ለምን እንደሚጻፍ አይጠፋትም። አባቷን እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይታ ስለማታውቅ፣ ተው ማለት አሳዘናትና ዝም አለች። መጋዘን ውስጥ ምሳ እያመላለሰችላቸውም ዝም አለች። ይህንን የምታነብላችሁ እሷ ናት። አውፍ ብለው ይቅር እንዲሏት ሳትጠይቃቸው ሞት ቀደማት።

አላህ ይዘንላቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ያብራላቸው። አሚን በሉላቸው።