ራሴን ችያለሁ ስለሚለው ባለ ሰባት ቀዳዳ ሣጥን

ለተከበሩ የንብረትና መሣሪያ ክፍል ኃላፊ፣ እንዲሁም የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለወገብዎ የሚመች ወንበር፣ ለጠረጴዛዎም የማይቋረጥ የኤሌክትሪክ ኃይል እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞት ለምን እንዳስፈለገ ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል። እኔ በሠፈሬ ሬዲዮና ቻርጀር የምጠግን ሴት ነኝ። ትምህርቴ ሰዎች ዕቃ ገዝተው ከካርቶኑ ጋር ከሚጥሉት የመመሪያ ወረቀት የተለቃቀመ ስለሆነ፣ የተሳሳትኩት ቢኖር እንደ አስተዳደግዎ ይለፉኝ። ይህን በግል ላስረዳዎ ሦስት ጊዜ ደጅ ጠንቼ ነበር። ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ባለችኝ ቁጥር ከበሩ ወዲያ የሚወርድ ውሃ ይሰማኝ ስለነበር፣ ገላውን የሚታጠብ ሰው አይረበሽም ብዬ ተመለስኩ።

ጉዳዬ አንድ ነው። ታናሽ እህቴ በመሥሪያ ቤትዎ የስብሰባ ቅጂ እያዳመጠች ቃለ ጉባኤ የምትጽፍ ብቸኛ ሠራተኛ ናት። ዓይኗ አያይም፤ የምትጽፈውም የጻፈችውን የምታነበውም ከጣቷ ሥር ከፍ ዝቅ የሚሉ ነጥቦች ባሉት የብሬል መሣሪያ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያለ አንዲት ወቀሳ ሠርታለች። ክፍልዎ አዲሱን ባለ ሰባት ቀዳዳ የዩኤስቢ ማባዣ ሣጥን ካደለበት ሳምንት ጀምሮ ግን መስመር ትዘላለች ተባለ። ሁለት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሳት፤ ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ በእርስዎ ሰብሳቢነት በቢሮዎ የተቀመጠው ኮሚቴ ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ እንድትሰናበት ወሰነ። ውሳኔው የሚጸናው ቃለ ጉባኤው ላይ ሲፈርሙ ነው ስለተባለ፣ እስክሪብቶዎን ከማንሣትዎ በፊት የሚከተለውን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሣጥኑ ያለኝ ምስጋና ወደር የለውም። ሥራው የኮምፒውተሩን አንዲት ቀዳዳ ሰባት ማድረግ ሲሆን፣ እህቴ የብሬል መሣሪያዋን፣ የጆሮ ማዳመጫዋንና ድምፁን በእግሯ የምታስቆምበትን ፔዳል እሱ ላይ ትሰካለች። እኔም በእንግዳ መታወቂያ ገብቼ ሦስት ቀን ከጎኗ የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። የብሬል መሣሪያው ባትሪውን መሙላት ሲጀምር፣ አምስት መሆን የሚገባው ቮልት ወደ አራት ያሽቆለቁላል፤ የሣጥኑ ቺፕ ራሱን ይስታል፤ ሦስቱም ዕቃዎች በአንድ ላይ ይጠፋሉ። ከጣቷ ሥር ያሉት ነጥቦች ድፍት ይላሉ፤ እየጻፈችው የነበረውም ቃል ባዶ ላይ ይቀራል። ከአራት ሰከንድ በኋላ ሁሉም ምንም እንዳላደረገ ሰው ተመልሶ ይመጣል። ይህ በቀን አርባ ጊዜ ይሆናል። ሠላሳ ስምንቱን መልሳ አዳምጣ ትሞላለች፤ ሁለቱ ያመልጧታል። ከእርስዎ ቀይ እስክሪብቶ ግን ሁለቱም አያመልጡም።

ሣጥኑን ስከፍተው ምክንያቱን አገኘሁት። ቺፑ በሰሌዳው ላይ ከሚቆምባቸው ቀጫጭን የብረት እግሮች መካከል አንዲት የምትመልስ አለችው፤ ኮምፒውተሩ «የራስህ ኃይል አለህ ወይስ ከእኔ ነው የምትኖረው?» ብሎ ሲጠይቅ የምትመልስ እሷ ናት። በሚገባ በተሠራ ሰሌዳ ላይ ይህቺ እግር ከግድግዳ ኃይል የሚያመጣው አዳፕተር ከሚሰካበት መሰኪያ ጋር ትያያዛለች፤ አዳፕተር ካለ «አለኝ»፣ ከሌለ «የለኝም፣ ለዕቃዎቹም ቆጥበህ ፍቀድ» ትላለች። በክፍልዎ ሣጥን ውስጥ ግን ሠሪው አንድ መስመር ለመቆጠብ ሲል፣ እግሪቱን ሬዚስተር በሚባል ትንሽ ዕቃ ለዘለዓለም «አለኝ» ላይ አስሯታል። ስለዚህ ሣጥኑ አዳፕተር ኖረውም አልኖረውም «ራሴን ችያለሁ» ይላል፤ ኮምፒውተሩም አምኖ፣ መሣሪያዎቹ የጠየቁትን ሁሉ ይፈቅዳል፤ ከፋዩ ግን ያው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። በሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ራሴን ችያለሁ የሚል አይቼ አላውቅም አልልም፤ ባለ ብዙ እግር ሆኖ ሳየው ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሳልጠቅሰው የማላልፈው አንድ ነገር አለ። ሰባት ቀዳዳ የሚሰጥ አንድ ቺፕ ጠብቄ ያገኘሁት፣ አራት አራት ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ቺፖች ነው። አራትና አራት ሰባት የሆነው፣ አንደኛው ካሉት ቀዳዳዎች አንዱን ሁለተኛውን ለማንጠልጠል ስላዋለው ነው። ሒሳቡ ግራ ቢገባኝ እህቴን ጠየቅኋት፤ በመሥሪያ ቤታችሁ የተለመደ ነው አለችኝ።

ሁለተኛ፤ «ታዲያ አዳፕተሩን ለምን አልሰካችሁትም?» የሚል ብልህ ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሣጥኑን ከመክፈቴ በፊት መሰኪያውን ከውጭ ፈልጌ አጥቼው ነበር። ያገኘችው እህቴ ናት፤ ጣቷን በሣጥኑ ጎን አንድ ጊዜ አሳልፋ «አንቺ፣ እዚህ ጋ ጎድጓዳ ነገር አለ፤ ወረቀት ለብሷል» አለችኝ። የክፍልዎ የንብረት ቁጥር ተለጣፊ ነበር። አንድ ባለሙያ የለጠፈው፣ ሌላ ባለሙያ ያረጋገጠው፣ ሦስተኛ ባለሙያ በመዝገብ ያሰፈረው፣ ሦስቱም ዓይናማ። ክፍልዎ ባደላቸው በአሥራ ሁለቱም ሣጥኖች ላይ በዚያው ቦታ፣ ቀጥ ብሎ፣ አንዲት ጥግ እንኳ ሳይጣመም ተለጥፏልና፣ እጃቸው ይባረክ።

ሦስተኛ፤ መሰኪያው ከተገኘ በኋላ አዳፕተሩን ፍለጋ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረድኩ። ግምጃ ቤት ጠባቂው እንደ ወንድም ተቀበሉኝ። «አዳፕተርማ ሞልቷል እህቴ» አሉኝ። «ችግሩ ሣጥኑ በአንድ ቁጥር፣ አዳፕተሩ በሌላ ቁጥር መግባቱ ነው። ለአዳፕተሩ ለብቻው መጠየቂያ ሞልቼ ነበር፤ ኃላፊው ግን መሰኪያ ለሌለው ሣጥን አዳፕተር ምን ይሠራለታል ብለው መለሱብኝ።» ላም አለኝ በሰማይ ያለው ሰው ለካ ግምጃ ቤት ጎብኝቶ ነው። መደርደሪያው ላይ ስቆጥራቸው ደግሞ አሥራ አንድ ናቸው። አሥራ ሁለተኛው የት እንዳለ ብጠይቅ፣ ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ፤ ጠርገውም አልጨረሱ፤ እኔም ተሰናብቼ ወጣሁ።

አራተኛው ክስ በእኔ በራሴ ላይ ነው። ከሣጥኑ አራት ብሎኖች አንዱ ከተለጣፊው ሥር ተቀብሮ ስለነበር ተለጣፊውን ቀድጃለሁ። ንብረት ማጉደል ከሆነ ለመጠየቅ ዝግጁ ነኝ። ከዚያም ቤቴ ገብቼ፣ ከተጣለ ስክሪን ሆድ አንድ ባለ አራት ቀዳዳ ቺፕ ነቅዬ፣ በመዳብ ሰሌዳ ላይ መስመሩን በጥፍር ቀለም ስዬ፣ ያልተቀባውን መዳብ በአሲድ አስበልቼ፣ የራሴን ማባዣ ሠራሁ። የመጀመሪያው አልነሣ አለኝ፤ ሁለቱን የመረጃ መስመሮች አዛብቼ ኖሯል። እህቴ «ራሷን የቻለችው እቴ፣ ኮምፒውተሩ ዛሬም አላወቀሽም?» እያለች አንድ ቅዳሜ ሙሉ ስትስቅብኝ ዋለች። ሁለተኛው ሠራ። የምትመልሰውን እግር ከአዳፕተሩ መሰኪያ ጋር አገናኘኋት፤ አሁን የምትናገረው ያለውን ብቻ ነው። በአንዱ ጥፋት ሌላው እንዳይቀጣም ለእያንዳንዱ ቀዳዳ የራሱን ፊውዝ ሰጠሁት፤ ይህን አሠራር ኮሚቴዎ ቢፈልገው በነፃ አበረክታለሁ። ቀፎው የሳሙና ማስቀመጫ፣ አዳፕተሩ ደግሞ ከእኔው ቁርጥራጭ ዕቃ የተገኘ ነው። ቁጥር የለውም፤ ስለዚህም ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የማክሰኞው ስብሰባ ቅጂ ረቡዕ ጠዋት እንደ ደንቡ ለጽሑፍ ክፍል ተላከ። ጽሑፍ ክፍል ማለት እህቴ ናት። የራሷን ስንብት አዳምጣ እንድትጽፍ ተሰጣት ማለት ነው፤ ይህን ያሰበው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ እጁን በጨበጥኩ ነበር። እሷ ግን አላለቀሰችም። የሳሙና ማስቀመጫውን ሰክታ፣ ማዳመጫዋን አጥልቃ፣ አሥራ አራት ገጽ ጻፈች። በገጽ ስድስት ላይ አንዲት የኮሚቴ አባል «ምናልባት የማሽኑ ችግር ቢሆንስ?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ክቡርነትዎም ይመልሳሉ፦ «ማሽን አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰው ነው። ሰንፋለች በሉና ጨርሱልኝ፤ ምሳ ሰዓት ደርሷል።» አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእህቴ ጣት ግን ሁሉንም ይዞታል፣ ምሳውን ጨምሮ።

ቃለ ጉባኤው ዛሬ ጠረጴዛዎ ላይ ነው። ከግርጌው «ከላይ የሠፈረው በስብሰባው የተነገረው ሁሉ አንድም ሳይጓደል የተጻፈበት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የምትል መስመር አለች፤ ከሥሯም የእርስዎ ፊርማ ቦታ። ከፈረሙ፣ መስመር የማትዘል ሠራተኛ መስመር በመዝለል ማሰናበትዎን በገዛ እጅዎ ያረጋግጣሉ። ተጓድሏል ብለው ካልፈረሙ ደግሞ ውሳኔው አይጸናም። ሌላ ሰው ይጻፈው እንዳይሉ ሌላ ሰው የለም። ክቡርነትዎን እዚህ ቦታ ላይ ማድረሳችን ቅር ቢለንም፣ መንገዱን የጠረጉልን እርስዎ ነዎት። የሚያወጣዎት አንድ ሦስተኛ መንገድ ግን አለ፦ ሁለቱን ማስጠንቀቂያዎች በጽሑፍ ይሰርዙ፣ አዳፕተሮቹን ይልቀቁ፣ ተለጣፊዎቹንም ሁለት ጣት ወደ ግራ ያስነሡልን።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፣ ለተለጣፊዎ ማማር ምንጊዜም ተገዢ፣ ለውሳኔዎ ግን ገና ያልሆንኩ፣ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊቱ ታላቅ እህት፣ ሬዲዮ ጠጋኟ

ግልባጭ፦
ለዋናው በር ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለዕቃ ግምጃ ቤት፣ ከአባሪው ከተቀደደው ተለጣፊ ጋር፣ በአንድ ቁጥር

ማሳሰቢያ፦ እህቴ ከንግግር ውጭ የምትሰማውን ሁሉ በቅንፍ የማስገባት ልማድ ስላላት፣ በቃለ ጉባኤው ውስጥ «(የሚወርድ ውሃ ድምፅ)» የሚል ሃያ ሦስት ጊዜ ተጽፏል። ቧንቧ ፈንድቶ ይሆን ብላ ተጨንቃ ግምጃ ቤት ጠባቂውን ብትጠይቅ፣ በጠረጴዛዎ ላይ ያለች የጌጥ ፏፏቴ መሆኗንና አሥራ ሁለተኛው አዳፕተርም እሷን እንደሚያገለግል በሹክሹክታ ነግረዋታል። እባክዎ ሲነቅሉት ልብ ብለው ይመልከቷት። ኃይሏ ሲወሰድባት ያኔውኑ ቀጥ ትላለች፤ ራሴን ችያለሁ አትልም። በክፍልዎ ውስጥ ካሉት ሁሉ እስካሁን እውነት ስትናገር የሰማኋት ብቸኛ ዕቃ እሷ ናትና፣ በሥራዋ እንድትቀጥል አጥብቄ እለምናለሁ፤ በራሷ አዳፕተር።