የወተት ካርቶን ጓንት

ኮንሱዌሎ፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ
እሑድ፣ ሰኔ 8 ቀን

ለውድ ልጄ ለኤሊሴዮ፤

እንዴት ነህልኝ? ወገብህ ተሻለህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጅህ ያንዴልም ደህና ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቱ በቁመት አልፎኝ፣ ከላይ ወደ ታች እያየ ይቀልድብኛል።

ጥር ላይ ከእናቱ ዘንድ ወደ እኔ ሲመጣ፣ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ ግድግዳው ላይ ሰቅለኸው የሄድከውን፣ ኳስ የምትቀልብበትን የቤዝቦል ጓንት አወረደ። ልክ ሆነው። እኔ አለቀስኩ፣ እሱ ሳቀብኝ።

ውርወራው ግን አይጣል ነው! አሠልጣኙ ዶን ቺቾ ጠርቶኝ፣ "ዶኛ ሚላግሮስ፣ ልጁ ልብ አለው፤ ክንድ ከየት ላምጣለት? በዚህ ወር ካልተስተካከለ ከቡድኑ ይወጣል" አለኝ። ያንዴል ምሳ አልበላም አለ። ምን ላድርግ፣ እኔው አሠልጣኝ ሆንኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ሜዳው ዳር ሙዝ እየጠበስኩ ስሸጥ ዓይኔን ጨፍኜ አልነበረም። ጓሮ ባልዲ ሰቅዬ "ክርንህን ቀና አድርግ!" እላለሁ። ኳሱ ባልዲውን ትቶ የጎረቤት ዶሮ ያባርራል።

"አያቴ፣ ዶሮዋ እኮ ናት መንገድ የገባችው!" ይለኛል። ቁርጥ ያንተ ምላስ።

ሐሙስ ዕለት ማንጎ ሊያወርድ ጓሮ ወጣ። በመስኮት ሳየው ድንጋይ አንስቶ በግራ እጁ ወረወረ፤ ማንጎዋ ዱብ አለች። ደገመ፤ ሌላዋም ወደቀች።

"አንተ! ግራኝ ነህ እንዴ?"

ደነገጠ። "ለድንጋይ ብቻ ነው፣ አያቴ።"

"ኳሱንስ ለምን በቀኝህ ታሰቃየዋለህ?"

"የአባቴ ጓንት በግራ እጅ ብቻ ነዋ የሚገባው፤ ለመወርወር የሚቀረኝ ቀኜ ነው። ሌላ ጓንት ባደርግ ቅር ይለዋል" አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ።

በቀኙ ስለሚጽፍ አልጠረጠርኩም። አምስት ወር ሙሉ ላንተ ሲል በማይሆነው እጅ ወረወረ፣ ልጄ። አንጀቴን በላው።

ነፍሱን ይማረውና፣ ልጅ ሳለህ አባትህ ከወተት ካርቶን ጓንት ይሠራልህ እንደነበር ታስታውሳለህ? ዝናብ ሲያበሰብሰው ታለቅሳለህ፤ በማግስቱ ሌላ ይሰፋልሃል። እኔም እንደሱ አጣጥፌ፣ ለቀኝ እጅ የሚሆን ሰፋሁለት። ትናንት ያንን አድርጎ በግራው ወረወረ። ዶን ቺቾ ኮፍያውን አውልቆ፣ "ይህን ክንድ የት ደብቃችሁት ከረማችሁ?" አለ። ከቡድኑ አይወጣም።

ያንተን ጓንት ዘይት ቀብቶ ቦታው መለሰው። "ሲመጣ ይፈልገዋል" አለኝ። 

ክንድህ ተጎድቶ ቡድንህ ሲያሰናብትህ፣ አፍረህ ማድሪድ እንደገባህ አውቃለሁ። ከሄድክ ስምንት ዓመት ሞላህ። ልጅህ ስንት ግጥሚያ እንዳሸነፍክ አንድ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። መቼ እንደምትመጣ ግን በየሳምንቱ ይጠይቀኛል።

ካርቶን ዝናብ አይችልም። እውነተኛ ጓንት ግዛለት፣ ለቀኝ እጅ የሚሆን። በፖስታ ግን እንዳትልከው። ይዘህለት ና።

ድንግል ማርያም መንገድህን ታቅናልህ።

እናትህ
ሚላግሮስ